የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ሆኜ ይሆን? (ሠራተኛ ያላችሁ ሰዎች እስቲ ምከሩኝ)

ባለዳቦው፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ። ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፍ።

ኮልፌ አካባቢ ዳቦ ቤት አለኝ። ከአባቴ የወረስኩት ነው። 11 ሠራተኞች አሉ። አባቴ በየወሩ በ21፣ በማርያም ቀን፣ ለነዳያን 200 ዳቦ ያድል ነበር። እኔም አላቋረጥኩም። ዱቄት በተወደደ ጊዜም፣ መብራት ጠፍቶ ሊጥ በተበላሸብን ሰሞንም አንድ ወር ዘልዬ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ኩራት ቢጤ ይሰማኝ ነበር። አንድ ሁለቴ ፎቶውን ለጥፌዋለሁ። "ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን እየተወጣን" ብዬ።

በጥር ወር፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ሊጥ የሚያቦካውን ልጅ ማሽኑ እጁን ያዘው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተቆረጡ። እኔ ነኝ ሆስፒታል ያደረስኩት። የሕክምናውን ሁሉ ከፈልኩ። የሁለት ወር ደመወዝም ሰጠሁት። ከዚያ አዲስ ልጅ ቀጠርኩ፣ ሥራው ቀጠለ፣ እኔም በኑሮ ሩጫ ውስጥ ገባሁ። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። ረሳሁት ብል ይቀላል።

ያለፈው 21 ቀን ዳቦውን እየቆጠርን ሳለ ካሸሯ ቀስ ብላ ጠጋ አለችኝ። "ጋሼ፣ ከዚህ ላይ አምስት ዳቦ ልውሰድለት? እናቱ ጋ ነው ያለው" አለችኝ።

ከነዳያኑ ዳቦ ላይ። ለራሴ ሠራተኛ።

ምንም ሳልመልስላት ወደ ጓዳ ገባሁ። አዲስ ምድጃ ልገዛ 400 ሺህ ብር አስቀምጫለሁ። አሁን ምን ባደርግ ነው ልክ የሚሆነው? ቸርነት ቢጤ ላድርግለት? ወይስ ይህ ሌላ ነገር ነው?

---

የሒሳብ ሰው፦

ለልጁ ምሕረቱን ያውርድለት። አንተንም ስላመንክ አከብርሃለሁ። ግን "ቸርነት" የምትለዋን ቃል እዚህ ጋ አውጣት።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን ያገኛል። ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ። ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። ሕክምናውም በአሠሪው ነው። ብዙ ሰው ይህንን ከተራ የሕመም ፈቃድ ጋር ያምታታዋል። የሕመም ፈቃድ 1 ወር ሙሉ፣ 2 ወር ግማሽ፣ ከዚያ 3 ወር ያለ ክፍያ ነው። የሥራ ላይ ጉዳት ሌላ ምዕራፍ ነው።

ደመወዙ ስንት ነበር? ጡረታ ውስጥስ ተመዝግቧል?

---

ባለዳቦው፦

6,000 ብር። ጡረታ አልተመዘገበም። ከ11 ሰው 7ቱ ተመዝግበዋል። እሱ ራሱ ነው "አትቁረጥብኝ፣ እጄ ላይ ይግባ" ያለኝ።

---

የሒሳብ ሰው፦

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ከሱ የሚቆረጠው 7 በመቶ ነው፣ 420 ብር። ካንተ የሚወጣው ደግሞ 11 በመቶ፣ 660 ብር። "አትቁረጥብኝ" ሲልህ ያንተም 660 አብሮ ቀርቷል። ስንት ጊዜ ሠራ? ሁለት ዓመት ካልን ወደ 15,840 ብር ገደማ አንተ ጋ ቀርቷል ማለት ነው። ደግሞ መመዝገብ አለመመዝገብ የሱ ምርጫ አይደለም፤ ግዴታው ያንተ ነው።

የቀረብህን ልንገርህ። ሦስተኛው ወር 6,000። አራተኛው ወር 4,500። ድምር 10,500፣ ለዛሬ ብቻ። የጉዳቱን መጠን ደግሞ የሐኪሞች ቦርድ ይወስነዋል። ጡረታ ላልተመዘገበ ሰው ዘላቂ ሙሉ ጉዳት የ5 ዓመት ደመወዝ ነው፤ በሱ ደመወዝ 360,000 ብር። ከፊል ከሆነ በመቶኛው ይሰላል። ቦርዱ ለምሳሌ 20 በመቶ ቢል 72,000 ይመጣል። ስንት እንደሚል እኔ አላውቅም፣ ሐኪም አይደለሁም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እስካሁን የቆጠርነው ዕዳ ነው። የአንተ ባሕርይ የሚታየው ይህን ከፍለህ ስትጨርስ ከዚያ በላይ በምታደርገው ነው።

---

ነጋዴ ነኝ፦

እሺ እኔ ክፉው ልሁን። ዳቦ ቤት ዕድር አይደለም። ሕጉ ያለውን ክፈል፣ ጨርስ፣ ምድጃህን ግዛ። ከራስ በላይ ንፋስ። ምድጃው ካልተገዛ ምርት ይቀንሳል። ምርት ከቀነሰ ሌሎቹ 10 ሰዎች ምን ሊበሉ ነው? አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1970 ጨርሶታል፦ የንግድ ድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነቱ ትርፉን ማሳደግ ነው። የኖቤል ተሸላሚ ነው የምጠቅስላችሁ፣ የሰፈር ወሬ አይደለም።

---

ሰነፍ አንባቢ፦

@ነጋዴ ነኝ

ሰውየው የተናገረው ርዕሱን ብቻ አይደለም እኮ። ያ ጽሑፍ በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት የወጣ ነው። ክርክሩ ያነጣጠረው በተቀጣሪ ሥራ አስኪያጆች ላይ ነው። የባለአክሲዮኖችን ገንዘብ ይዘህ ያንተን በጎ ሐሳብ ማስፈጸሚያ አታድርገው ነው የሚለው። የራሱ ድርጅት ያለው ግለሰብ ግን ከትርፉ ቀንሶ ለኃላፊነት ቢያወጣ የሚያወጣው የራሱን ገንዘብ ነው ብሎ እዚያው ለይቶታል። ትርፍ ስትፈልግም በጨዋታው ሕግ ውስጥ ሆነህ ነው ይላል፤ ያለማታለል።

እንግዲህ ባለዳቦው ባለአክሲዮን የለውም። ምድጃውም የሱ፣ ገንዘቡም የሱ፣ ሕሊናውም የሱ። ፍሪድማንን ጠርተህ ብታስመሰክረው ካንተ ጋር የሚቆም አይመስለኝም።

---

ነጋዴ ነኝ፦

እሺ ተማርኩ። ግን 10ሩ ሰዎችስ ያልኩት አልተመለሰም።

---

ከሎረንስ ማዶ፦

የነጋዴውን ጥያቄ ልመልስ ልሞክር፤ መልሱ ግን ለማንኛችሁም ደስ አይልም።

የምኖረው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ነው። ከሎረንስ ከተማ ብዙም አልርቅም። እዚህ ትልልቅ ሰዎች ዛሬም የሚያነሱት አንድ ፋብሪካ አለ፣ ማልደን ሚልስ ይባል ነበር። ፖላርቴክ የሚባለውን፣ ለብርድ ጊዜ የሚለበስ ልብስ የሚሆን ጨርቅ የሚሠራው። ባለቤቱ አሮን ፈወርስታይን ጥብቅ ኦርቶዶክስ አይሁድ ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 1995 ማታ 70ኛ ዓመት ልደቱ እየተከበረ ሳለ ፋብሪካው ተቃጠለ። ከ30 በላይ ሰው ተጎዳ። ሞት አልነበረም። ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ወደ 3,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ሥራ አልባ ሊሆን ነው።

ሁሉም ሰው የኢንሹራንሱን ገንዘብ ይዞ ይወጣል ብሎ ነበር። ወይም ጉልበት ርካሽ ወደ ሆነበት ይሄዳል፤ የዚያ አካባቢ የጨርቅ ፋብሪካዎች ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ደቡብ ተሰደው አልቀዋል። እሱ ግን እዚያው መልሼ እሠራለሁ አለ። ሥራ ለሌላቸው ሠራተኞቹም ለወራት ደመወዝ ከፈለ። ወጪው ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል። ለምን ሲሉት ኦሪትን ነበር የሚጠቅሰው፤ ድሀና ችግረኛ የሆነውን ቅጥር ሠራተኛ አትበድል የሚለውን። የማርኬቲንግ ሰው አማክሮት አይደለም። ከልጅነቱ በቤቱ የሰማው ነው።

አሁን መራራው። እ.ኤ.አ. በ2001 ድርጅቱ ኪሳራ አወጀ። መልሶ ለመገንባት የተበደረው ዕዳ ከብዶት ነበር፤ ገበያውም ቀዝቅዞ ነበር። ሽማግሌው የድርጅቱን አመራር አጣ። በ2007 ሁለተኛ ኪሳራ መጣ፣ ተሸጠ፣ ስሙም ተቀየረ። በኋላ የሎረንሱ ፋብሪካም ተዘጋ። ፈወርስታይን በ2021 በ95 ዓመቱ አረፈ።

ሞኝ ነበር የሚሉ አሉ። ጻድቅ ነበር የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱም አይዋጥልኝም። ደመወዙ ብቻውን አልጣለውም፤ ሕንጻው፣ ብድሩ፣ ርካሽ አስመስሎ የሚሠራው ተፎካካሪ ተደራርበው ነው። ግን ያ የ25 ሚሊዮን ውሳኔ ምንም አላስከፈለውም ብል እዋሻለሁ። አስከፍሎታል። ዋጋ የማያስከፍል ነገር ቢሆን ኖሮማ ዛሬ ስለሱ ማን ያወራ ነበር።

---

ነጋዴ ነኝ፦

ይኸው! ከሰረ አላልኩም?

---

ከሎረንስ ማዶ፦

ስድስት ዓመት ሙሉ ስንት ቤተሰብ በላበት፣ እሱንስ ለምን አትቆጥረውም?

---

ቅመሟ፦

ይቅርታ፣ ክሩን፣ ማለቴ ውይይቱን፣ ላቋርጥ። ባለዳቦው፣ ዳቦህ ስንት ግራም ነው? እንዲያው ስለ እሴት ከተነሳ ብዬ ነው።

---

ባለዳቦው፦

@ቅመሟ

እዚህ ጋ ያዝሽኝ። ዱቄት ሲጨምር ዋጋውን ከመጨመር ግራሙን መቀነስ ቀሎኝ ነበር። ዋጋ ሲጨምር ሰው ይጮሃል። ግራም ሲቀንስ "ዳቦው አነሰ እንዴ?" ብሎ ያልፋል። 100 ነበር። አሁን 88 አካባቢ ነው። አባቴ ቢኖር ኖሮ ሚዛኑን ፊቴ ላይ ይወረውርልኝ ነበር።

@ከሎረንስ ማዶ

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አመሰግናለሁ እህቴ።

---

የመርካቶው አባት፦

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ስልክ ላይ መጻፍም ያታክተኛል፤ ስሕተት ካለ እለፉኝ።

40 ዓመት ሸቀጥ ነግጃለሁ። በየዓመቱ ሒሳቤን ዘግቼ ዘካዬን አወጣለሁ፣ ከመቶ ሁለት ተኩል። ወጣት ሳለሁ አንድ ዓመት ገበያው ከፋብኝ። የአንድ ተሸካሚ የሁለት ወር ሒሳብ ነበረብኝ። ዘካውን ላወጣ ስል "ለሱ ልስጠው፣ እሱም ድሀ ነው፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ" ብዬ አሰብኩ። ሼኹ ጋ ሄጄ ጠየቅኩ። ሳቁብኝ። "የሱን ገንዘብ ለሱ ሰጥተህ ለአላህ ሰጠሁ ልትል ነው?" አሉኝ። ዘካ ዕዳ አይከፍልልህም። የሠራተኛውን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ስጠው የሚለው ሌላ ትእዛዝ ነው። ሁለቱ ኪስ አይቀላቀልም። ያን ቀን ያፈርኩት ዛሬም ትዝ ይለኛል።

በናንተም መጽሐፍ እንዲሁ ነው። የያዕቆብ መልእክት ላይ የታገደው የአጫጆቹ ደመወዝ ይጮኻል የሚል አለ። ጎረቤቴ ቄስ ነበሩ፣ እሳቸው ናቸው ያነበቡልኝ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሃይማኖት ሁሉንም አንድ አያደርግም። እዚያው መርካቶ ሶላት የማያልፈው፣ ማርና ቅቤ ላይ ባዕድ ነገር የሚደባልቅ ሰው አውቃለሁ። ጾም የማይፈታ፣ የሠራተኛ መታወቂያ ነጥቆ የሚይዝም አውቃለሁ። ደግሞ ቤተ እምነት ደጅ ረግጦ የማያውቅ፣ አምስት ሳንቲም የሰው የማይነካ ደላላ ነበር። ሰው እምነቱን ወደ ሱቅ ይዞት ይገባል ወይ፣ ወይስ ጫማው ጋ በር ላይ ያወልቀዋል? እኔ እሱን ነው የማየው።

---

ሌሊት ፈረቃ፦

ሁላችሁም ከባለቤት ወገን ሆናችሁ ነው የምታወሩት። እኔ ደግሞ ከማሽኑ ወገን ላውራ።

ስድስት ዓመት ዳቦ ቤት ሠርቻለሁ፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ባለቤቱ ደግ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። "ልጆቼ" ነበር የሚሉን። ስንታመም መድኃኒት ይገዛሉ። ለፋሲካ ለእያንዳንዳችን ዶሮና ዘይት። እኔ ስጋባ ድንኳኑን የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ውል ግን አልነበረንም። ጡረታ አልነበረንም። ዕረፍት ስንጠይቅ "አባት ከልጁ ጋር ውል ይዋዋላል እንዴ?" ይሉ ነበር። እኛም ይሉኝታ ይዞን ዝም። ማን አባቱን ይከሳል?

ሞቱ። ቀብራቸው ላይ አልቅሰናል፣ እውነተኛ ለቅሶ። አርባቸው ሳይወጣ ወራሾቹ ቤቱን አከራይተው አሰናበቱን። የስድስት ዓመት አገልግሎት በምን ይረጋገጥ? ወረቀት የለ። የሁሉም ነገር ማስረጃ የሳቸው ደግነት ነበር፣ እሱም አብሯቸው ተቀበረ።

ስለዚህ ባለዳቦው፣ ጥሩ ሰው እንደሆንክ አይጠፋኝም። እኔ ግን በሠራተኛ ዓይን ጥሩ ሰው አልፈልግም። ወረቀት ስጠኝ። ጥሩነትህን ወረቀቱ ላይ ጻፈው። ከፈለግህ ከዚያ በኋላ ተቆጣኝ፣ ሰላምታም ንፈገኝ።

---

ሰነፍ አንባቢ፦

ሌሊት ፈረቃ ያለው ነገር ልቤን ነካው። አንድ ምሳሌ ከሕንድ ልጨምርለት። የታታ ብረት ፋብሪካ የ8 ሰዓት የሥራ ቀንን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። የሕንድ ሕግ ወደዚያ የቀረበ ገደብ ያመጣው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የታታ ድርጅቶች መሥራች ጀምሼትጂ ታታ ደግሞ የሞተው በ1904 ነው፤ ፋብሪካው ብረት ማምረት ሳይጀምር። ማለትም የሰውየው አመለካከት እሱ ከሞተ በኋላ የተጻፈ ደንብ ሆኖ ወጣ። ዛሬም የእናት ኩባንያው የታታ ሰንስ 66 በመቶ ድርሻ የበጎ አድራጎት ተቋማት ነው። ታታ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም፣ ትልቅ ድርጅት ነው፣ ብዙ ክርክር አለበት። ግን ልዩነቱ ይታያችኋል? የሌሊት ፈረቃ አባት ደግነታቸውን ኪሳቸው ውስጥ ነበር የያዙት።

---

ነጋዴ ነኝ፦

ታታ እና የኮልፌ ዳቦ ቤት። ወይ ጉድ።

---

ማሽን ጠጋኙ፦

ስለ ጽድቅና ኩነኔ ስታወሩ ዋናውን አለፋችሁት። ማሽኑ መከለያ አለው?

የሊጥ ማቡኪያ ስጠግን 15 ዓመቴ ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ ከላይ የብረት ፍርግርግ አለው። ፍርግርጉ ሲከፈት ሞተሩን የሚያቆም ማብሪያም አለው። እኛ አገር ምን እናደርጋለን? ዱቄት ለመጨመር ያስቸግራል ብለን ፍርግርጉን እንነቅላለን። ማብሪያው ሲበላሽ ሁለቱን ሽቦ አገናኝተን እንጠቀልለዋለን። "አቋራጭ" እንለዋለን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንቅልፉ የመጣ ልጅ፣ ጠርዙ ላይ የተጣበቀ ሊጥ በእጁ ሊጠርግ ይላል። አለቀ።

መከለያ ማሠራት ብረት ቤት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማብሪያው ከምድጃህ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አንተ በማርያም ቀን ስትሰጥ የነበረው 200 ዳቦ የጥቂት ወሩ ቢደመር ይሸፍነው ነበር።

በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2013 የፈረሰውን ሕንጻ፣ ራና ፕላዛን፣ አስታውሱ። ግድግዳው የተሰነጠቀው ከአንድ ቀን በፊት ነው። እዚያው ሕንጻ ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤት ላከ። ላይኛው ፎቅ ያሉት የልብስ ፋብሪካዎች ግን በማግስቱ ሠራተኞቻቸውን ግቡ አሏቸው። ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ስንጥቁ አንድ ነው። ሁለቱም አይተውታል።

አዲሱ ልጅ አሁን በየትኛው ማሽን ነው የሚሠራው?

---

ባለዳቦው፦

በዚያው።

---

ማሽን ጠጋኙ፦

እንዲህ ከሆነ ይህን ክር ዝጋና ሂድ።

---

የሒሳብ ሰው፦

ማሽን ጠጋኙ በጭካኔ ተናገረ እንጂ ልክ ነው። በነገራችን ላይ የሥራ ቦታን ደኅንነት መጠበቅም አዋጁ ውስጥ የአሠሪው ግዴታ ሆኖ ተጽፏል።

---

ቅመሟ፦

እኔ በሌላ በኩል ልጠይቅ። ባለዳቦው በየወሩ 200 ዳቦ የሚሰጠው ለምንድነው? ለነዳያኑ? ለማርያም? ለአባቱ? ለፎቶው? ክፉ ጥያቄ አይደለም። እኔም ትንሽ ቅመም አዘጋጅቼ እሸጣለሁ፣ በዓል ሲደርስ ለአረጋውያን ማዕከል እሰጣለሁ። የምትረዳኝን ልጅ ግን በዓመት ስንት ቀን እንዳረፈች ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ካነበብኩ በኋላ ቆጠርኩ። አራት። አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ 16 የሥራ ቀን ይላል አይደል? ሩቅ ላለ ሰው መስጠት ይቀላል። እሱ ተመልሶ አይጠይቅህም። ነገ ጠዋት ስትገባ ፊትህ አይቆምም።

---

የመርካቶው አባት፦

ልጄ ቅመሟ፣ አራት ቀን ማለት ግፍ ነው። ግን ስለቆጠርሽ ተመስገን።

ባለዳቦው፣ 200ውን ዳቦ እንዳታቆም። ሰዎች አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላውን ይገድሉታል። የአባትህ ነገር ነው፣ ያዘው። ፎቶውን ብቻ ተወው።

---

ባለዳቦው፦

ሦስት ቀን ጠፋሁ። ይቅርታ።

መጀመሪያ ማሽኑን አቆምኩት። አንድ ሌሊት በእጅ አቦካን፤ እኔም አቦካሁ፣ ወገቤ እስካሁን አልተመለሰልኝም። ጠዋት ብረት ቤት ወስጄ መከለያ አሠራሁ። ማብሪያው በማግስቱ ተገጠመ። ማሽን ጠጋኙ እውነቱን ነው፣ የወጣው ገንዘብ ያሳፍራል። በትንሽነቱ።

ከዚያ ልጁ ጋ ሄድኩ። ባዶ እጄን አልሄድኩም፣ 10,500 ብሩን በፖስታ ይዤ ነበር። እናቱ ቡና አፈሉ። እሳቸው አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። "ሥራ በዝቶብህ ነው ልጄ" አሉኝ። እኔ ምን ልበል።

ልጁ ፖስታውን ተቀበለ፣ ቆጠረው፣ "ስለምን ነው?" አለኝ። "ያለብኝ ነው" አልኩት። አንድ በአንድ ነገርኩት፣ የሒሳብ ሰው እንዳስረዳኝ። ሦስተኛው ወር፣ አራተኛው ወር፣ ቦርዱ፣ መቶኛው። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ምን ብሎ እንደጠየቀኝ ታውቃላችሁ? "አዲሱ ልጅ በዚያው ማሽን ነው የሚሠራው?" አለኝ። ከማሽን ጠጋኙ ጋር የተማከሩ ነው የመሰለኝ። መከለያ እንዳሠራሁ ነገርኩት። "ጠርዙን በእጅህ እንዳትጠርግ በለው፣ በእንጨት ይጥረግ" አለ። ሌላ ነገር አላለም።

የሐኪሞች ቦርድ ቀጠሮ ይዘናል። ውጤቱ ምንም ይሁን ከምድጃው ገንዘብ ይወጣል። አሮጌው ምድጃ አንድ ሁለት ዓመት ይግፋ። ልጁ ሲሻለው መሸጫው ላይ ይሠራል፤ ካሸሯ አለማምደዋለሁ ብላለች። በዚያው ደመወዝ፣ በጽሑፍ። @ሌሊት ፈረቃ ያልከውን አልረሳሁም፤ ለ11ዱም ውል እያዘጋጀሁ ነው። ያልተመዘገቡትንም ጡረታ ላስገባ ስል ከሦስቱ ሁለቱ አኮረፉኝ። "420 ብር ነው የምትወስድብን" ይላሉ። አንዱ ጭራሽ ለቅቄ እሄዳለሁ እያለ ነው። ይህን ምን ላድርገው?

---

ሌሊት ፈረቃ፦

የልጁን እጅ አሳያቸው። አይ፣ ይቅርታ፣ ይህ ጭካኔ ነው። ራሱ ልጁ ያናግራቸው። ካንተ ከሰሙት ገንዘብ ቆራጭ ነህ። ከሱ ከሰሙት ሌላ ነው።

---

ነጋዴ ነኝ፦

እኔ አሁንም ምድጃው መገዛት ነበረበት እላለሁ። ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ትናንት መጋዘን ገብቼ የጭነት መሰላሉን አየሁት። አንዱ እርከን በገመድ ነው የታሰረው። ስንት ዓመት በዚያ እንደወጡበት እግዜር ይወቅ። ዛሬ ቀየርኩት። ከእሴት ጋር አታያይዙብኝ፤ ሠራተኛ ከወደቀ ኪሳራ ነው።

---

የመርካቶው አባት፦

በምንም ምክንያት ይሁን። መሰላሉ ተቀይሯል አይደል?

---

ቅመሟ፦

ሁሉም ጥሩ። ግራሙስ?

---

ባለዳቦው፦

ግራሙ ገና ነው። ከትናንት ጀምሮ ሚዛኑን ከጓዳ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀምጫለሁ፣ ሰው ራሱ እንዲያይ። እስካሁን ሦስት ሰው ሰድቦኛል። ለሱ ሌላ ክር እከፍታለሁ።